ሩብ ሚሊሜትር

ሰፈሩ ጋሽ ቶርኖ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ በቶርኖ ማሽን ብረት ሲያዞር ያረጀ ሰው ነው። እጁ አይስትም ይባልለታል። ስለዚህ ሴት ልጁ በምትሠራው ሞተር ብስክሌት ላይ እጁ ሦስት ጊዜ ሲስት፣ ግራ ያልገባው ሰው ቢኖር ራሱ ብቻ ነበር።

ልጁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ራቅ ያለ ቦታ ሥራ ሲገኝ የምትሄድበት መጓጓዣ አጥታ ስለምትቀር፣ ሻንሲውን ከውዳቂ ብረት ተራ፣ ሞተሩን ከቆመ ባለሦስት እግር ታክሲ ነቅላ በጓሮ ክፍል መገጣጠም ጀመረች። መጀመሪያ አባትየውም ደስ ብሎት ነበር። የሞተሩን መያዣም የእግር መርገጫውንም እየሣቀ ሠራላት። ጎማ የገባለት ቀን ግን ሣቁ ቆመ።

ታናሽ ወንድሙ ከዓመታት በፊት በሞተር ወጥቶ አልተመለሰም። ሞተሩ ግን ተመልሷል፤ ገዢ እንዲገኝለት የተጣመመውን ሻንሲ ያቃናው ራሱ ነው።

የቀረው የመሪው ዘንግ ብቻ ነበር፤ የፊት ጎማውንና መሪውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው፣ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፍበት ብረት። ሠራላት። መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግን ሩብ ሚሊሜትር አሳነሰው።

«አባዬ፣ ይወዛወዛል» አለችው።

«ብረቱ ነው። ሌላ እፈልግልሻለሁ።»

ሁለተኛውም ተወዛወዘ፤ ሦስተኛውም። እናትየው ማታ ራት አቅርባለት ፊቱን ስታየው ቆየችና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለችው።

«ምን ሠራሁ?»

«እኮ፣ እሱን ነው የምጠይቅህ።»

ከዚያ በኋላ ልጅቷ መጠየቋን ተወች። ተስፋ ቆረጠች ብሎ ቀለል አለው። እሷ ግን ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ታፏጫለች፤ ነገሩ አልጥም አለው። አንድ ጠዋት ወደ ጓሮ ብቅ ቢል፣ ሞተሩ በሁለት እግሩ ቆሟል፤ መሪው ገብቷል።

ተንበረከከና ከሥር አየው። ዘንጉ ለግንባታ ከሚውል ለስላሳ ብረት የተሠራ ነው። ወፍራሙ ከቀጭኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክብ ብሎ መለዘብ ሲገባው በቢላ እንደተቆረጠ ጥግ ሆኗል። ብረት የሚሰበረው እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ጣቱን አሳለፈበት፤ ሻከረው።

«ማን ሠራልሽ?»

«ጥድፊያ።»

ከድልድዩ ማዶ ቶርኖ ቤት ያለው ሰውዬ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው።

«አትንጂው።»

«ለምን?»

«ብረቱ ጥሩ አይደለም።»

«ያንተም ብረት ሦስት ጊዜ ጥሩ አልነበረም» አለችና ሞተሩን እየገፋች ወጣች።

ሆን ብዬ ነው ሊላት አፉን ከፈተ። ቃሉ እንዳይወጣ ያነቀው ሐፍረት ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አያውቀውም። እሱ ቃል ሲፈልግ ሞተሩ ተነሣ። «ቆይ፣ ልጄ» ያለውን የሞተሩ ድምፅ ዋጠው።

ደጅ ቆሞ አዳመጠ። መንደሩን ጨረሰች፤ ማርሽ ቀየረች። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ የሞተሩ ድምፅ ለሰለሰ። ከዚያ ድንገት አበደ፤ ከዚያ ጠፋ።

ሲሮጥ አንድ ጫማው የት እንደወለቀ አላየም። መታጠፊያው ላይ ደረሰ። የፊት ጎማው ከነመሪው ብቻውን ቦይ ውስጥ ወድቋል። ዘንጉ ያ ጥግ ላይ ተቆርጧል። እሷ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ትከሻዋን ይዛለች።

አጠገቧ ተንበረከከ። «ሆን ብዬ ነው ያሳነስኩት። እንዳትሄጂብኝ ብዬ» አላት።

አየችው። ሕመሟን እስክትለምድ ይሁን እሱን እስክትለይ፣ ዓይኗን ከፊቱ አላነሣችም።

የተሰበረው ከአንገቷ ሥር ወደ ትከሻዋ የሚያልፈው አጥንት ነበር። ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ አንድ ቀን ሥራ ቦታው መጣች።

«አሁን ዘንጉን ሥራው» አለች። «እኔ ቆሜ እያየሁ።»

ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ጠንካራ ብረት አነሣ። እሱ ማሽኑን ባቆመ ቁጥር እሷ በደህናው እጇ ካሊፐር ይዛ ጎንበስ ትላለች፤ ትለካለች፤ ቁጥሩን ደግማ ታያለች። የሱን ሥራ የለካ ሰው በሕይወቱ ኖሮ አያውቅም። አንዴ ማሽኑን አቁሞ ላብ ጠረገ፤ እሷ ግን ምን ሆንክ አላለችውም። ኩሽኔታው ልክክ ብሎ ሲገባ «ገባ» አለች፤ ያንን ብቻ።

ዛሬ በሞተሩ እየሄደች ሩቅ ሩቅ ቦታ ትሠራለች። የምትሄድ ቀን እሱ ማሽኑን አያስነሳም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን እያሸ መንገድ መንገዱን ያያል። ስትደርስ የምትደውለው ለእናቷ ነው። እናትየው በሩ ላይ ብቅ ብላ «ደርሳለች» ትለዋለች። ያኔ ይነሣና ሥራ ይጀምራል።