የነብር ኮረብታን ለእናቴ ሳወራላት

እናቴ ዓይኗን ካጣች ወዲህ ለንደንን የምታውቀው በእኔ አፍ ነው። ከኬንቲሽ ታውን አውቶቡስ ስንሳፈር መስኮቱ ጋ ካልተቀመጥኩ ትላለች፤ ለምኗ እንደሆነ እሷ ትወቅ። የእኔ ሥራ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እንደ ሬዲዮ ማውራት ነው። «በቀኝ ዳቦ ቤቱን አለፍን። በግራ ፀጉር ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ደህና ሶፋ አስፋልት ዳር ጥለዋል፣ ምን ነካቸው? አንዲት ሴትዮ ከውሻዋ ጋር ትጨቃጨቃለች።» ትንሽ ዝም ካልኩ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። «ተኛሽ እንዴ?» ትለኛለች። የእኔና የእሷ ደንብ ይሄው ነው፤ እኔ አያለሁ፣ እሷ ትሰማለች። አንድ ነገር ዘልዬ ከተያዝኩ ወዮልኝ።

አምና መነጽር ልቀይር ብዬ ዓይኔን ቼክ ላስደርግ ሄድኩ። መነጽር ቤት ያለችው ልጅ መሣሪያው ውስጥ አየት አየት አደረገችና ሆስፒታል ሪፈር አደረገችኝ። ሆስፒታሉ ደግሞ የእናቴ በሽታ፣ ግላኮማው፣ እኔም ላይ እንዳለ ነገረኝ። የግራ ዓይኔ ከዳር በኩል ተበልቷል። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለኝ ሐኪሙ። ተንኮለኛ በሽታ ነው። ፊት ለፊት ያለው ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ሰው የጎደለበት ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለልጄ አልነገርኳትም፣ ሩቅ ናት። ለቸርቼ ሰዎች አልነገርኩም፣ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩልኝ ወሬው ዞሮ እናቴ ጆሮ እንዳይገባ። ከሁሉም በላይ የፈራሁት እሷን ነው። በሽታው በዘር እንደሚሄድ ሐኪሞች ድሮ ነግረዋታል። «እኔ ነኝ ያወረስኳት» ብላ የቀራትን ዕድሜ ስታለቅስ ማየት አልፈለግኩም። ጠብታዬን ፍሪጅ ውስጥ አላስቀምጠውም፤ ማየት ባትችልም እጇ የማይደርስበት ቦታ የለም። የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይዤው እዞር ጀመር።

በዚህ መሃል ልጄ ኑ አለችን። እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አሁን ቻይና፣ ሱዡ የምትባል ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ እሺ አትልም ብዬ ነበር። እሷ ግን ስልኩ ሳይዘጋ «እሄዳለሁ» አለች።

«ምን ልታዪ ነው እማዬ?» ብዬ ቀባጠርኩ።

«አንቺ አይተሽ ልትነግሪኝ ነዋ» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

እውነቱን ለመናገር እኔም የሄድኩት በራሴ ምክንያት ነው። ዓይኔ ላይ ብርሃን ሳለ አንድ ትልቅ ነገር ማየት አማረኝ። ከአውቶቡስ መስኮትና ከመንገድ ዳር ሶፋ የሚበልጥ ነገር።

በደረስን በማግስቱ ማታ ልጄና እናቴ አልጋ ላይ ተጠጋግተው ሲያወሩ አመሹ። ልጄ አያቷን «እርስዎ» ነው የምትለው፤ ስንት ዓመት ጮኼ ያስተማርኳት እሱን ነው፤ የተቀረው አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ነገ የምንወጣበት ቦታ የነብር ኮረብታ እንደሚባል ትነግራታለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ንጉሥ እዚያ ተቀብሮ፣ በሦስተኛው ቀን ነጭ ነብር መጥቶ መቃብሩ ላይ ተቀመጠ ይባላል። እኔ ሻንጣ እየፈታሁ ስለነበር ነብሩን ሰማሁ፣ ሌላውን አልሰማሁም።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት እናቴ ቁርስ አልበላም አለች። ሁለት እንቁላል ቀቀልንላት፣ አልበላም። ሻይ፣ አልጠጣም። «መድኃኒትሽን በባዶ ሆድ ልትውጪ ነው?» ብዬ ነደድኩ። «ስመለስ እበላለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ» ብላ ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን ደረበችና በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀችን። እንቁላሉን በፌስታል ቋጥሬ ያዝኩት።

ኮረብታው በር ላይ ስንደርስ ከእኛ ሰው በቀር ማንም የማያደርገውን አደረገች። «ደረስን? ምሰሶው የት ነው?» አለችኝ። እጇን ወስጄ ምሰሶው ላይ አኖርኩላት። አማተበችና ጎንበስ ብላ ተሳለመችው። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያን በር መሳለም ከተውኩ ስንት ዘመኔ፤ ጭራሽ የቻይና በር።

«እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም» አልኳት በጆሮዋ።

«ነው ማን አለ? ሽማግሌ ቤት ሲገባ ሰላም አይባልም?» አለችኝ።

ከኋላችን የነበሩ አሮጊት ሴት እሷን አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። «አየሽ?» አለች።

ኮረብታውን መጀመሪያ ሳየው ቅር አለኝ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት ከኬንቲሽ ታውን ጀርባ ካለው ሜዳ ከፍ ለማትል ጉብታ ነው? አቀበት እንኳ አይባልም። ልጄ ስልክ ተደውሎላት ወደ ኋላ ስትቀር፣ እናቴ እንደ ወትሮዋ ቀኝ ክንዴን ይዛ ቀስ እያልን መውጣት ጀመርን። እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ዛፎቹ ያንጠባጥባሉ። ድንጋዩ መንገድ ታጥቦ ያበራል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። በቀኝ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቋል።

«እሱ ነው» አለች እናቴ። «ንጉሡ ሰይፉን የሞከረበት።»

እጇን ይዤ ስንጥቁ ውስጥ አስገባሁላት። ቀጥ ያለ ነው፤ በቢላ የተቆረጠ ዳቦ ይመስላል። እናቴ በመዳፏ ወዲህና ወዲያ ዳበሰችው፣ እጇ እስከ አንጓዋ ገባ። ለረጅም ጊዜ አላወጣችውም። እኔም እጄን ከጎኗ ሰደድኩ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ወሬው እውነትም ይሁን ውሸት፣ ስንት ሺህ ሰው እጁን እዚያ እንዳስገባ ሳስበው ሰውነቴን ወረረኝ።

«ሌላስ?» አለችኝ።

«ሌላ ምን?»

«እዚህ አካባቢ ሌላ ነገር የለም?»

ዙሪያውን ያየሁ መሰለኝ። «የለም፤ መንገድ ነው» አልኳት። እሷ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰችም። ጥቂት እንደሄድን በግራዬ ከነበረ የድንጋይ አግዳሚ ወንበር ጋር ጉልበቴን ገጨሁ። «ያዳልጣል» አልኩ። ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ኮረብታው አፌን አስያዘኝ። ዛፎቹ አለቁና አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ዓለት ተዘረጋ፤ ገበያ የሚያህል፣ አንድ ወጥ ድንጋይ። ዝናቡ ስላረጠበው ቀላ ብሏል። ደርሳብን የነበረችው ልጄ ታሪኩን ተረከችልን። መቃብሩን የቆፈሩትን ሠራተኞች፣ አንድ ሺህ ሰው፣ ግብዣ ብለው ጠርተው እዚህ ፈጇቸው ይባላል፣ መቃብሩ የት እንዳለ እንዳይናገሩ። ስለዚህ ሲዘንብ ድንጋዩ ይቀላል ይላሉ።

እናቴ ጫማዋን አወለቀች። ብርድ ነው ብዬ ብለምናትም አልሰማችኝም። «ደም ላይ በጫማ አልቆምም» አለች። በካልሲዋ እርጥቡ ዓለት ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለሺው ሰው ነፍስ ይማር አለች። ቀስ ብላ፣ ለቅሶ ቤት እንደምትለው። እኔ ለሞተ ሰው የምጸልይ ሰው አይደለሁም። ግን ይህን ሁሉ ዘመን ማን በአማርኛ ነፍስ ይማር ብሏቸው ያውቃል? «አሜን» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከዓለቱ ባሻገር ሁለት ገደሎች ተፋጥጠው በመካከላቸው ጠባብ አረንጓዴ ውኃ ተኝቷል። ንጉሡ ከነሰይፎቹ ከዚያ ሥር ነው ይላሉ። ሰይፎቹን ፍለጋ የመጣ ሌላ ንጉሥ አስቆፍሮ አስቆፍሮ ምንም አላገኘም፤ ጉድጓዱ ውኃ ሞላው። እስከ ዛሬም እርግጡን የሚያውቅ የለም። ከኮረብታው አናት ደግሞ ሺህ ዓመት ያለፈው የጡብ ግንብ አለ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ። እንዴት እንደቆመ አልገባኝም። አንጋጥጬ ሳየው ደመናው ከኋላው ይሄዳል፣ ግንቡ የሚወድቅብኝ ይመስለኛል፣ አይወድቅም። እግዚአብሔር ለዓይኔ ይህን ስላቆየልኝ አመሰገንኩ፤ ወዲያውም ዓይኔ እየሄደ መሆኑን አስታወስኩ።

ክርኗ ጎኔ ላይ አረፈ። «ተኛሽ እንዴ?»

«ቃል አጣሁ፣ እማዬ።»

«ፈልጊያ» አለችኝ።

ፈለግኩ። ጡቡ የተቆላ ገብስ መልክ እንዳለው፣ በስንጥቆቹ ሣር እንደበቀለ፣ እሷ ከወንበር ስትነሳ ወደ አንድ ጎን እንደምታዘነብለው እንዳዘነበለ ነገርኳት። ሳቀች። ይህን ሁሉ የሚነግራት ሲጠፋስ ምን ይውጣታል? ያን ቀን ሙሉ ሆዴን የበላኝ ይህ ነበር።

በመጣንበት መንገድ ስንወርድ፣ የተሰነጠቀው ድንጋይ አጠገብ ስንደርስ፣ ደስ ብሎኝ «ውይ፣ እማዬ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ» አልኩ። «በቀኝ። አፉ በድንጋይ የተሠራ፣ የድሮ።»

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ስንወጣስ በየት በኩል ነበር?» አለችኝ።

«በግራ» አልኩ፣ ሳላስበው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ለካ ማታ ልጄ ስለ ጉድጓዱም ነግራታለች። ዓይነ ስውር የነበረ አንድ ትንሽ መነኩሴ በጣቶቹ ጭሮ ጭሮ ውኃውን አገኘ፣ ታጠበበት፣ አየ ይባላል። ሽቅብ ሲወጡ በግራ፣ ከተሰነጠቀው ድንጋይ ፊት ለፊት። እናቴ ስንወጣ እዚያው ቆማ እንድነግራት ጠብቃኛለች። ቁርስ ያልበላችው ለዚህ ነው፤ ጠበል በባዶ ሆድ ነዋ።

«አውቶቡሱ ላይ ግራው ከጠፋ ዓመት ሆነው» አለች እናቴ። ድምጿ ልክ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። «ዳቦ ቤቱን ትነግሪኛለሽ። ፀጉር ቤቱን ግን ተውሽው። መጀመሪያ ተዘግቶ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ፋርማሲው ጠፋ። ከዚያ መስጊዱ። መንገዱ በሙሉ ሊፈርስ አይችልም አይደል? የእኔም ከዳር ነው የጀመረው።»

«ማሚ?» አለች ልጄ። «ሲሪየስሊ? ሆስፒታል ሄደሻል?»

ከኪሴ ጠብታውን አውጥቼ አሳየኋት። መንገዱ መሃል ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። «እንድታለቅሺ ስላልፈለግኩ ነው» አልኳት እናቴን።

«እኔማ ብቻዬን ሳለቅስ ከረምኩ፤ ጨርሻለሁ» አለች። «አሁን ወደ ጉድጓዱ ውሰጂኝ።»

የጉድጓዱ አፍ በብረት ፍርግርግ ተዘግቷል። ውኃው ግን ከታች ይታያል። ጠዋት ከልጄ ቤት ይዛው የወጣችውን ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች፤ በፍርግርጉ አያልፍም። ልጄ ዘበኛ እንዳይመጣ ቆማ ስትጠብቅ፣ እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በጥለቱ በኩል በብረቱ መካከል ሰደደችው። ዘረጋችው፣ ዘረጋችው፣ ጫፉ ብቻ በእጇ ቀረ። ስትስበው ጥለቱ ርሷል።

ለራሷ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቴን በእጇ ፈልጋ አገኘችው።

«ጨፍኚ።»

«እማዬ፣ እኔ በጠበል አላምንም።»

«ማመኑን ለእኔ ተይው። አንቺ ጨፍኚ ብቻ።»

ጨፈንኩ። እርጥቡን ጥለት በግራ ዓይኔ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያም በቀኙ። ውኃው የድንጋይ ሽታ ነበረው። የእናቴ አውራ ጣት በጨርቁ ላይ ቅንድቤን ተከትሎ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዓይኔን ስገልጥ ያው ነበር፤ ግራው አልተመለሰም። ጠብታዬንም እስከ ዛሬ ማታ ማታ አደርጋለሁ። ግን የማላምንበት ነገር ፊት እንደዚያ ቀን ፈርቼም ረክቼም አላውቅም።

«መንገዱን እኔ ሄጄበታለሁ» አለች። «እያንዳንዷን ደረጃ አውቃታለሁ፣ አሳይሻለሁ። በይ እንቁላሌን ስጪኝ።»

ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሁለቱንም በላች። ስትጨርስ ነጠላዋን ጨመቀችና ተነሳች። እንደ ልማዴ ቀኝ ክንዴን አቀረብኩላት። አልያዘችውም። በእጇ ጀርባዬን እየዳበሰች በኋላዬ ዞራ መጣችና ግራ ክንዴን ያዘች።

«በዚህ በኩል እኔ አለሁ» አለችኝ። «አንቺ በዚያ በኩል ያለውን ንገሪኝ።»