የመቀነቱ መምቻ

ጠርጣራ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ብናገረው ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ገበያ ቲማቲም የሚሸጥልኝ ሰው ከላይ ቀይ ቀዩን ሲያሳየኝ እኔ ከሥር ያለውን ነው የምገለብጠው። ባጃጅ ነጂው "በአቋራጭ ላድርስዎት" ካለኝ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። እናም ልጄ ለሁለተኛ ጊዜ ማርገዟን በስልክ ስትነግረኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታው አልነበረም፤ ማን ሰማ የሚለው ነበር።

የፊተኛው ፅንስ ወርዶባታል። ያኔ እሷ ደብረ ሲና ባሏ ቤት ሆና፣ ሆዷ ገና ሳይታይ፣ እዚህ ቆላ ያለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ነበር። በሬ ላይ ቆመው "ልጅሽ እንዴት ናት?" ይሉኛል፤ ዓይናቸውን አልወደድኩትም። ከወረደባት በኋላ፣ ይቺ ናት፣ የለም ያቺኛዋ ናት እያልኩ ስንቷን በልቤ ስወነጅል ከረምኩ። ከአንዷ ጋር እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም፤ እሷ ምክንያቱን አታውቅም። በዚህኛው ግን ትንፍሽ አልልም ብዬ ማልኩ። ልጄ "የምወልደው ከፋሲካ በኋላ ነው" ብላኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በስልክ እንኳ ስለ ሆዷ አላነሣንም።

የአራስ ወገብ ግን መታሰር አለበት። በእኛ ቤት ደግሞ የአራስ መቀነት ከገበያ አይገዛም፤ እናት በእጇ ትሠራዋለች። አሠራሩን ከእናቴ ነው የተማርኩት። የድሩ አንድ ጫፍ ከምሰሶ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ ከራስ ወገብ፤ ከዚያ መሬት ቁጭ ብሎ መሥራት ነው። ዕቃው ብዙ አይደለም። ማግ የሚጠቀለልበትን ቀሰም ከወንዝ ዳር ቆርጬ አመጣሁ። ዋናው መምቻው ነው። ቢላ የሚመስል ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ በድሩ መሃል እየገባ ማጉን መትቶ ያጠብቃል። መምቻው ልክ ካልሆነ መቀነቱ ይሳሳል፣ የሳሳ መቀነት ደግሞ ወገብ አይዝም።

የእናቴ መምቻ ወንድሜ ቤት ነበር። ሄጄ ብጠይቅ ሚስቱ "ምስጥ በላው" አለችኝ። ምስጥ ወይራ ሲበላ የት እንዳየች እንጃላት። የጠላ ጋን አጥናበት እንደሆነ ይታየኛል፤ ግን ብከራከራት "ለምን ፈለግሽው?" ልትለኝ ነው። ምስጡን እንዳመነ ሰው ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።

ከአስፋልቱ ዳር አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጢ አለ። መጠኑን በእጄ አሳየሁት።

"ምንድን ነው እሱ፣ እትዬ?" አለኝ።

"የቤት ዕቃ ነው።"

"የወጥ ማማሰያ?"

"አዎ፣ ማማሰያ" አልኩት። ከማብራራት መዋሸት ቀለለኝ።

በማግሥቱ ሲሰጠኝ መስታወት ይመስላል፤ ቫርኒሽ ቀብቶታል። ለወጥ ማማሰያ ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው! "ወይራ ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ምን ጥያቄ አለው" አለኝ። ባሸትተው ከቫርኒሹ በቀር የሚሸት ነገር የለውም። እንጨቱን እንዳልለይ ብሎ ነው የቀባው አልኩ በሆዴ። የአገራችንን ሙቀት ታውቃላችሁ፤ ቀትር ላይ ቫርኒሹ ላላና ድሩ ውስጥ ባስገባሁት ቁጥር ነጩ ክር እየተጣበቀበት ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ላስመልሰው ብሄድ አናጢው ክሩን አይቶ "ማማሰያ አላሉኝም እንዴ? ክር ሊያማስሉ ነው?" ብሎ ሣቀብኝ። መምቻውን እዚያው ትቼለት ሄድኩ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ተረተሩ ሥር ባለው መንደር፣ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሸማ ሲሠራ ከኖረ ቤት የተገኙ አንዲት ሙስሊም ባልቴት እንዳሉ አውቃለሁ። አውቄም ነው መጨረሻ ያደረግኋቸው። ሸማኔ ዓይን አለው ይባላላ። መቀነት የምሠራ ሴት ሆኜ፣ እኔው የሸማኔ ዓይን እፈራለሁ! ሰው አይገርምም?

ባልቴቷም እኔን አላመኑኝም። አሮጌ የቤት ዕቃ እየገዙ አዲስ አበባ ወስደው የሚሸጡ ሰዎች መንደሩን አዳርሰውት ኖሯል። መምቻ ስል ሲሰሙ የራሳቸውን ቀስ ብለው ከቁርበቱ ሥር ከተቱት።

"የሚሸጥ የለኝም። ወላሂ የለኝም" አሉ።

"የእርስዎን አይደለም እትዬ፣ አዲስ እንዲሠሩልኝ ነው።"

"መሥራት ትችያለሽ?"

ክር ሰጡኝ። ከእግሬ አውራ ጣት አስሬ ጥቂት ስሠራላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። መምቻ የሚቆረጠው በመቀነቱ ስፋት ነውና "የማን ወገብ ነው የሚታሰረው?" አሉኝ።

"የራሴ። ወገቤን ያመኛል።"

ደህና አድርገው አዩኝ። ከቆጥ ላይ የሟች ባላቸውን አሮጌ ድግር አወረዱ፤ በማረሻው ግራና ቀኝ ሆኖ አፈሩን የሚከፍለው እንጨት ነው። የወይራ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ አፈር ሲያሸው ኖሮ ለስልሷል። "ቢስሚላህ" ብለው ፈለጡት፤ በካራ ጠረቡት፣ በጠርሙስ ስባሪ ፋቁት፣ በኑግ ዘይት አሹት። እኔ እጃቸውን ማየት ሲገባኝ ከንፈራቸውን ነበር የማየው፤ ሌላ የሚያነበንቡት ነገር ቢኖር ብዬ።

ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ ጀመርኩ። መምቻው እንዴት ያለ ነው! ክር ሳይዝ ሸርተት ብሎ ያልፋል። ግን የተቆረጠው እንደኔ ላለች ሴት ጠባብ መቀነት ነው፤ የአራስ መቀነት ሰፊ ነው። መሃሉን ስመታ ዳሩ ይቀራል፣ ዳሩን ስመታ መሃሉ ይላላል። ሠርቼ ፈታሁት፤ ደግሜ ሠርቼ ፈታሁት። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ።

ወደ ባልቴቷ ተመለስኩ።

"የልጄ ነው፣ እትዬ። ልትወልድ ነው" አልኳቸው። "የፊተኛው ወርዶባታል።"

አልተቆጡም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?" አሉና የተረፈውን ድግር አነሡ። ሰፊውን መምቻ ጨርሰው ሲሰጡኝ "አላህ በሰላም ይገላግላት" አሉኝ። አሜን ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ምን አስቀባጠረኝ እያልኩ ነበር፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

መቀነቱ በአዲሱ መምቻ ጥብቅ ብሎ መጣ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ዐቢይ ጾሙ እንኳ ሳይጋመስ፣ ድሩ ከወገቤ እንደታሰረ ስልኬ ጮኸ። የልጄ ባል ነው።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ ሴት ልጅ ተወለደች" አለኝ።

"ወሯ ሳይገባ? ትተርፋለች?"

"ኧረ ወሯ ገብቷል፣ እማማ። ሁለቱም ደህና ናቸው" አለና ስልኩን ቶሎ ዘጋው። አዘጋጉን አልወደድኩትም።

መቀነቱን ከደረሰበት ቆርጬ፣ ጫፉን ቋጥሬ፣ ሚኒባስ ያዝኩ። ዳገቱን እስክንወጣ ድረስ በጣቴ ወር እቆጥራለሁ፤ አልገጥም አለኝ። ሐኪሙ ተሳስቷል አልኩ። ባልዬው የደበቀኝ ነገር አለ አልኩ። ልጄን አልጠረጠርኳትም።

ደብረ ሲና ብርድ ነው። ልጄ ብርድ ልብስ ውስጥ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ጥቅልሏ ሙሉ ነው፣ ወር የጎደላት አትመስልም። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ሳምኳት። ልጇን እንደያዘች አስነሥቼ መቀነቱን ወገቧ ላይ አዞርኩት፤ ለመቋጠር ያህል ብቻ ደረሰ። "ጠበቅ አድርጊው" አለችኝ፤ ጠበቅ አደረግሁት። ፊቷን እያየሁ አይሆንልኝም ነበርና ከጀርባዋ እንደሆንኩ ጠየቅኋት።

"ወሩን ለምን አሳስተሽ ነገርሽኝ?"

"ባለፈው መጀመሪያ የነገርኩት ላንቺ ነበር፣ እማዬ" አለችኝ።

እኔ እዚያ ታች ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ስቆጥር፣ እሷም እዚህ ሆና ስትቆጥር ኖራለች፤ የእሷ ቆጠራ እኔ ላይ ነው የቆመው። እንዳላለቅስ፣ አራስ ፊት አይለቀስም። እንዳላስረዳት፣ ምን ብዬ? ለጎረቤቶቼ ያላመንኩላቸውን ለእኔ እመኚልኝ ልበላት?

ሕፃኗን ስጪኝ ማለት አቃተኝ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ አየት አደረገችኝና "ያዣት እንጂ" አለች። ልትሰጠኝ ጎንበስ ስትል የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ የልጅቷን ፊት ሸፈነችው።