ያልተሞረደው ብየዳ

ግሊን ትሬቮሮው የሰው ብየዳ ሳይሞርድ ቀብቶ አያውቅም። የባሕር ዳር ከተማዋ ዋላሩ ውስጥ የተሳቢ ሻንሲም ሆነ የአጥር በር በምድጃ የሚጋገር የዱቄት ቀለም እንዲቀባለት ይዞ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ስድብ ነው። «ይሄ ብየዳ ነው ወይስ የዶሮ ኩስ? ዱቄቱ ስርጓዳው ውስጥ አይገባም፤ ላዩን ዘሎት ይሄዳል። በዚያች ክፍተት ጨው ይገባና ጉድ ይሠራሃል!» ይልና መሞረጃውን ያስጮኸዋል። እውነቱን ነው፤ በዚያ አገር ነፋሱ ራሱ ጨው ነው።

የገዛ ልጁን ብየዳ ግን ሳይሞርድ ተወው። እንዴት አድርጎ ይሞርደው!

የቤታቸውን አሮጌ ፒክአፕ መኪና ከወዳደቀበት አንስተው የሠሩት ከልጁ ከኪረን ጋር ነው። የሻንሲውን የኋላ መስቀለኛ ብረት ኪረን ብቻውን በየደው። ግሊን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የበየድከው?» አለው።

«አባዬ፣ ይይዛል ወይስ አይይዝም?»

«መያዙንማ ይይዛል።»

«በቃ! የቁንጅና ውድድር አላስገባው።»

በበጋው ኪረን ሸርጣን ሊያጠምድ ወጣ፤ ጀልባው ባዶዋን ተገኘች። እሱ አልተገኘም። አፈር የሚያለብሱት ነገር እንኳ አጡ፣ ምን ዓይነት ሞት ነው! ከእጁ ሥራ የቀረላቸው ያ ጎርበጥባጣ ብየዳ ነው።

ግሊን እንዳይዝግ ሊቀባው ሻንሲውን ፈታ። መሞረጃውን አስነስቶ ብየዳው ጋ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው። ሚስቱ ኖሊን በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ነካኸው?»

«አልነካሁትም።»

«ጎሽ።»

በመሞረድ ፈንታ አንድ ሽፋን ጨመረበት። «ሁለት ለሰው፣ ሦስት ለልጄ» እያለ ግራጫውን፣ ጥቁሩን፣ በላዩ መስታወት የመሰለውን ቀባና በምድጃ ጋገረው። አብረቀረቀ። እሑድ እሑድ ፒክአፑን ማዕበሉ ጎማውን እስኪነካው ድረስ ወደ ባሕሩ ያስጠጉታል፤ የልጃቸው መቃብር እዚያ አይደል! ኖሊን አበባ ወርውራ ስትጨርስ ተንበርክካ እጇን ከሥር ትሰድና ብየዳውን በጣቷ ትዳስሰዋለች። «ደህና ሰንብት የኔ ጌታ» ትለዋለች። ቤት ሲመለሱ ግሊን በንጹሕ ውኃ ያጥበዋል። ከላይ ንጹሕ ነበር። ከሥር የገባውን ማን አየው?

ከዓመታት በኋላ የፒክአፑ የጭስ ማውጫ ማርሚታ መንኳኳት ጀመረና ግሊን ወዳጁ መካኒኩ ቫስ ጋራዥ ወሰደው። ቫስ መኪናውን ከፍ አድርጎ ከሥር ሲያይ፣ «ግሊን፣ ና እስቲ» አለ። መስቀለኛው ብረት ላይ ቀለሙ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነፍቷል። በካቻቢቴ ነካ ሲያደርገው ካቻቢቴው ጥልቅ አለ። ሦስቱም ሽፋን ባንድነት ተላጠ፤ ከሥሩ ቡናማ ብናኝ ረገፈ። ብየዳው የለም።

«ውይ! አንተን የመሰለ ባለሙያ አገር ውስጥ እያለ ይሄን ማን ነው ሳይሞርድ የቀባው? እጁ ይሰበር!»

«እኔ ነኝ» አለ ግሊን።

ቫስ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ብየዳው የማን እንደነበር ያኔ ገባው። «ወንድሜ... አፌን በቆረጠው» አለ።

ግሊን የተላጠውን ቀለም በጨርቅ ይዞ ቤት ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ኖሊን፣ አጠፋሁት። ብሞርደው ኖሮ ብረቱ ይቆይ ነበር።»

«ብትሞርደው ዓይንህን አላይም ነበር።»

«ይኸው ሳልሞርደውም ሄደ!»

እሷ ቅርፊቱን አንስታ ገለበጠችው። በውስጥ በኩል የብየዳው ጉብታ ሁሉ ጎድጉዶ ታትሞበታል። አውራ ጣቷን አስገብታ ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው፤ እየዳሰሰችው ሳለ ጠርዙ ተሸርፎ እጇ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ጮኸች፤ ጀልባዋ ባዶዋን የመጣች ዕለት እንኳ እንዲህ አልጮኸችም። ግሊንም አንገቷን አቅፎ አለቀሰ።

በማግሥቱ ቅርፊቱን በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ጓሮ ወጡ። ግሊን መቆፈር ጀመረ።

«ጠለቅ አድርገው» አለችው ኖሊን።