ስሌቱን ያረጋገጠችው ሴት

ዚናይዳ ማርኮቭና በካሊኒንግራድ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት የማሞቂያ ምድጃ አንዳጅ ሆና አምስት ዓመት ልትደፍን ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ከዚያ በፊት ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል እየተፋ በሚሠራ አዮን ሞተር የሚገፉ የጠፈር መንኮራኩሮችን ፍጥነትና የጉዞ ጊዜ ታሰላ ነበር። የሞተሩ ጉልበት መዳፍ ላይ ከተቀመጡ ጥቂት ሳንቲሞች ክብደት አይበልጥም። ግን ለዓመታት ሳይታክት ስለሚገፋ፣ መንኮራኩሯ ውላ አድራ ማንም የማይደርስባት ትሆናለች።

ልጇ ሌቭ የሚኖረው እስራኤል አገር፣ ሃይፋ ነው፤ በዓይኗ ያላየቻት የልጅ ልጅ አለቻት። ደንቡ ግን ምስጢራዊ ሥራ የነካ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከነካበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ከአገር አይወጣም ይላል። ይህን ያወጣው ሰውዬ ልጅ ያለው አይመስልም። እሷም ሥራዋን ለቅቃ አካፋ ጨበጠች።

መጋቢት ላይ የድሮ ባልደረባዋ ጌናዲ በጭስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ምድጃ ቤቱ ድረስ መጣ።

«ዓሣ ይዘህ ከመጣህ ነገር አለ ማለት ነው።»

«እንዲያው ናፍቀውኝ ነው፣ ዚናይዳ ማርኮቭና።»

«ተው ጌና፣ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

ጌናዲ ጆሮውን አሻሸ። «የሌኒንግራድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ስሌትና የእኛ አልገጠመም። የመንኮራኩሯ መድረሻ ቀን ይለያያል። ከተሳሳትን፣ የምንልካት ወደ አንድ የጠፈር ድንጋይ ነው፣ እዚያ ስንደርስ ድንጋዩ የለም። እርስዎ እንዲያዩልን አለቃ ፈቅደዋል።»

«እሳቸው ቢፈቅዱ ለእኔ ምን ይረባኛል? ካየሁ አምስቱን ዓመት እንደ አዲስ ልቆጥር ነው።»

«ስምዎ የትም አይገባም።»

ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። ወረቀቱን ከሰል ማጠራቀሚያው ላይ ሲዘረጋው ሰማች። ላለማየት ታገለች፤ በዓይኗ ጠርዝ ግን አንድ ቁጥር ሳይለወጥ በየመስመሩ እየተደጋገመ ወደታች ሲወርድ ታያት።

«የመንኮራኩሯን ክብደት በየስንት ቀኑ ነው የምትቀንሱት?»

«በየመቶው። በየቀኑ ለማስላት የኮምፒውተር ሰዓት የት አለን?»

«አንተ ሰው! ጋዙ እኮ በየሰከንዱ ነው የሚወጣው። መቶ ቀን ሙሉ የሌላትን ጭነት ታሸክሟታላችሁ። እሷ እየቀለለች ነው፣ ፍጥነቷም እየጨመረ ነው። ካሰላችሁት ቀን ቀድማ ትደርሳለች።»

እርሳሱን ከእጁ ነጠቀችው። ምድጃውን እስክትረሳ ድረስ ሠራች። ደስ አላት፤ ከሥራ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ጥቅምት ላይ፣ አምስት ዓመቷ ሲሞላ፣ ከአገር የመውጫ ፈቃድ ለመጠየቅ ሄደች። የጽሕፈት ቤቱ ሴት ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ጊዜዎ ገና ነው። መጋቢት ላይ ምስጢራዊ ስሌት ሠርተዋል፤ አምስት ዓመቱ ከዚያ ይቆጠራል።»

በድሮ መሥሪያ ቤቷ የአረጋጋጭ ስም የሌለበት ስሌት አይወጣም። ጌናዲ ቦታውን ባዶ ትቶት ነበር፤ መለሱበት። ያላረጋገጠ ሰው ስም መጻፍ ለእሱ ሌብነት ነው። ስለዚህ የእሷን ጻፈ።

በማግስቱ ጌናዲ ምድጃ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ጆሮው ብቻ ሳይሆን ፊቱ ሁሉ ቀልቶ።

«ሥራዎን ለሌላ መስጠት ነውር መሰለኝ» አለ። «ይኼ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

ልትሰድበው ፈለገች። ግን እሷ ብትሆንም ያንኑ ታደርግ ነበር፤ ከሁሉ የባሰው ይኼ ነው።

«ስንት ወጣ?» አለችው።

«ምኑ?»

«የመንኮራኩሯ ጉዞ ነዋ።»

«ሦስት ዓመት ተኩል። ኅዳር ላይ ትነሣለች።»

ዚናይዳ አካፋዋን አነሣች።

«ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች» አለችና የምድጃውን በር ከፈተች።