ያስቀረሁት የጋሽ ወንድሙ ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ለእናንተ የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

የዛሬ አራት ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ እዚህ ናይሮቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ለስደተኞች በነጻ አስተረጉም ነበር። አንድ ቀን ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈራችን የሚኖሩ ጎረቤታችን ጋሽ ወንድሙ ለጥገኝነት ጥያቄያቸው ቃለ መጠይቅ ተጠሩና እኔ ተመደብኩላቸው። የማውቃቸው ሰው መሆናቸውን መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩና ሳልናገር ገባሁ።

ጋሽ ወንድሙ በደርግ ጊዜ በሰሜን ግንባር የጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። በድምፄ ማነስ ሁልጊዜ ይቀልዱብኛል።

«አንቺን ሬዲዮ ላይ አስቀምጠውሽ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ ጦሩ ‹ምን አለች?› እየተባባለ ያልቅ ነበር!»

የአስተርጓሚ ደንብ ቀላል ነው። ሰውየው «እኔ» ሲል አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። እጄን አንስቼ ምዬበታለሁ።

ያኔ ስለቀረቡበት የጦር ፍርድ ቤት ሲጠየቁ ጋሽ ወንድሙ ውኃ ጠጡ። ከዚያ በዝግታ ተናገሩ፦ «ኮረብታውን ለቃችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ መጣ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ወታደር ልጆቹ እያለቁ ነበር። ስንከሰስ ግን ‹የሐሰቱን ትእዛዝ ያመጣው ደምሴ ነው› ብዬ መሰከርኩ። ጓደኛዬ ነበር፤ ፊት ለፊት አየኝ። በማግስቱ ረሸኑት።»

ጠያቂዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በእንግሊዝኛ፣ «ትእዛዝ ሳይመጣ አፈገፈግን፤ በዚህም ጓደኛዬ ተረሸነ» አልኩ። ሌላ አላልኩም።

ለምን? ፋይላቸው እንዳይበላሽ ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። «የዋሸሁት እኔ ነኝ» የሚለው ከእኔ አፍ መውጣት ነበረበት። እኒያን ደግ ሰው በገዛ አፌ ማዋረድ አሳፈረኝ። ማን ሾመኝ? ከሠላሳ ዓመት በላይ አፍነው የያዙትን ቃል በስንት መከራ ሲያወጡት፣ መልሼ ያፈንኩት እኔ ነኝ።

ከቢሮው ወጥተን ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስንጠብቅ እጄን ያዙኝ። «ዛሬ ቀለለኝ፣ ልጄ። ያቺ ድምፅሽ ትበቃለች ለካ።»

ፈገግ አልኩ። እንዴት ፈገግ አልኩ?

ከወራት በኋላ የቃላቸው ግልባጭ ሲሰጣቸው፣ እንግሊዝኛ አያነቡምና እንዳለ ለሰናይት ላኩላት። ሰናይት የደምሴ ልጅ ናት፤ አፈላልገው ሐዋሳ ያገኟት፣ የከሃዲ ልጅ እየተባለች ያደገች። የአባቷን ንጽሕና በጽሑፍ ታየው ብለው ነበር። ስትደውል እናቴ የላከችውን ዳቦ ይዤ ቤታቸው ነበርኩ። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ክፍት ነበር።

«ጋሼ፣ ሦስቴ አነበብኩት። አባቴ አላጠፋም የሚል የለበትም እኮ።»

ጋሽ ወንድሙ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊዎቹ ዘለውት ነው። አንቺማ ብለሽልኛል። አይዞሽ፣ ምን ታደርጊ።»

እሳቸው እኔን አጽናኑ! ጸሐፊዎቹ አይደሉም አላልኩም። እሳቸው ጥፋታቸውን በደምሴ ላይ እንደጣሉት፣ እኔም የእኔን በማላውቃቸው ጸሐፊዎች ላይ ጣልኩ። እሳቸውን ያስዋሻቸው የልጆቹ ሞት ነበር፤ በሐሰት ያስመሰከራቸው ደግሞ የራሳቸውን ሞት መፍራት። እኔን ማን ሊገድለኝ ነበር? ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

አሁን ጋሽ ወንድሙ ያኔ ያሉትን ሁሉ እንዳሉት በሁለቱም ቋንቋ ጽፌዋለሁ። ከሥሩም «ያስቀረሁት እኔ ነኝ» ብዬ ፈርሜያለሁ። ለሰናይት የሚላከው ይህ ነው። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም፤ የምለምነው ከጋሽ ወንድሙና ከሰናይት ነው፤ ቢከለክሉኝም አይፈረድባቸውም።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወንድሙ ቤት እሄዳለሁ። ወረቀቱን አቀብዬ ልሸሽ አስቤ ነበር፤ አላደርገውም። ጋሽ ወንድሙ ዘንድሮ ጆሯቸው ደክሟል። እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ቢሰማም፣ «እኔ ነኝ» ብዬ።