በአንድ ደቂቃ የተለካች ልጅ

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች መምህርቷ ወረቀት ላከችብኝ። «ስለ ልጅዎ ንባብ ለመነጋገር» ከሚል በቀር ምንም የለበትም። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ሁሉ ጥፋት የያዘ ይመስለኛል። በማግሥቱ ከሰፈራችን ከቁስቋም ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤቱ ስወርድ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምሁ ነበር።

መምህርቷ ወጣት ናት። ወንበር ሰጠችኝና ቅጽ ዘረጋች።

«ልጆቹን አንድ ደቂቃ እያስነበብን ስንት ቃል እንዳነበቡ እንቆጥራለን፣ እትዬ። የእርስዎ ልጅ ፊደሉ እየጠፋት ትቆማለች፤ ዘጠኝ ቃል ብቻ ነው ያነበበችው። እንዲህ ከሆነች ሁለተኛ ክፍል መመለሷ ነው።»

ዘጠኝ ቃል። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ አንብባ የጨረሰች ልጅ። የአባቷ መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ከወረቀቱ አይታ የምትነግረኝ እሷ ናት።

«ጥያቄ ስጠይቃትም አላውቅም ነው የምትለኝ» አለች መምህርቷ። «እኔማ የናቀችኝ መስሎኝ ነበር።»

«አላውቅም በይ» ብዬ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ልጄ ስትናገር አፏ ይያዛል፤ አንዷን ቃል ለማውጣት ፊቷ እስኪቀላ ትታገላለች። ላስመዘግባት ስመጣ «ችግር አለባት?» ቢሉኝ «ምንም የለባትም» ብያለሁ። ተብታባ የሚል ስም እንዳይወጣላት ፈርቼ ነው። እሷንም ሰው ፊት ብዙ እንዳትናገር አስጠንቅቄያት ነበር።

ዝም ብል ልጄ ወደኋላ ልትመለስ ነው። ሁሉንም ነገርኋት።

መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምነው እትዬ፣ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው የሚነግሩኝ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ቅጹ የሚጠይቀው እኮ የቃሉን ብዛት ብቻ ነው።»

«ታዲያ የምትለኩት ማንበቧን ነው ወይስ የአፏን ፍጥነት?» አልሁ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ፤ መምህርን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አልተቆጣችም። ልጄን አስጠራቻትና አይታው የማታውቀውን ምንባብ ከአምስት ጥያቄ ጋር ሰጠቻት። «ደቂቃ አልቆጥርም። በልብሽ አንብቢና መልሱን ጻፊልኝ።»

ልጄ እኔን አየችኝ። «ጻፊ» አልኋት።

ከተቀመጥሁበት ወረቀቱ አይታየኝም፤ የምሰማው የእርሳሷን ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥ ባለ ቁጥር ትንፋሼም አብሮ ቀጥ ይላል። አንዱ ጥያቄ ላይ በጣም ቆየች። አላወቀችውም ይሆን? እኔ ተሳስቼስ ቢሆን? እናት ልጇን አጋንና ታይ ይሆናል።

መምህርቷ አረመችው። «አራቱን አግኝታለች። አምስተኛውም ግማሽ ያህሉ ልክ ነው።» ከቅጹ ሠንጠረዥ ውጭ፣ ከግርጌው፣ በእጇ ጻፈችና ፈረመች። «ርዕሰ መምህሩ ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። እኔ ግን እከራከራለሁ። እርስዎም ከእንግዲህ አይደብቁኝ።»

ሦስት ቀን የርዕሰ መምህሩን ውሳኔ ስጠብቅ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ ደጃፉ ላይ ቆመች። ወሬውን ልትነግረኝ ስትታገል ቃሉን ልቀማት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ተውሁት።

«እ... እዚያው ሦስተኛ ክፍል ነኝ» አለች።

እቅፍ አደረግኋት። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። «እማ፣ በ... በፊት ለመምህሬ ለምን አልነገርሻትም?»

እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ከጨረሰች በኋላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረድሁና «ፈርቼ ነው» አልኋት።