የቀትር ስፌት

አሰብ ላይ ቀትር ሲሆን ሁሉም ይዘጋል። መሥሪያ ቤቱም ሱቁም በሩን ገጥሞ፣ ሰው ወለሉን ውኃ ረጭቶ ጥላ ውስጥ ይጋደማል። በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን፣ መነጽሬን በምሠራበት ጉምሩክ ረስቼ ልወስድ ስመለስ፣ በዚያ ባዶ መንገድ ላይ የስፌት መኪና ሲሮጥ ሰማሁ። ድምፁ የመጣው ከሀሩን ሱቅ ነበር። ሀሩን ደግሞ እጁ ተጎድቶ ቤቱ ከተኛ ሁለተኛ ወሩን ይዟል።

ገርበብ ባለው በር አጮለቅሁ። መኪናው ላይ የተቀመጠው ጀላሉ ነበር፤ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፣ የሀሩን ተፎካካሪ። ላቡ ጨርቁን እንዳያበላሽ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ የሀሩንን ደንበኞች ልብስ ይሰፋል። ሲያየኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኔም መነጽሬን ላመጣ አለፍኩ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ከወሎ በአንድ መኪና ወርደው አሰብ የገቡ ናቸው። ሲሰዳደቡ መንገደኛ ቆሞ ይስቅ ነበር። ጀላሉ፣ «የሀሩንን ሱሪ የለበሰ ሰው ተቀምጦ መብላት አይችልም፤ ቆሞ ይጉረስ» ይላል። ሀሩንም ከማዶ፣ «የጀላሉን ኮት የለበሰ ሰው ንፋስ ሲነሣ ራሔይታ መንደር ድረስ ይበራል፤ እንደ ሸራ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሀሩን አጥብቦ፣ ጀላሉ አስፍቶ ነበር የሚሰፋው።

ሀሩን የተጎዳው በሰኔ ነው። ከየመን የመጣለትን የጨርቅ ጣቃ ሳንቡክ ከምትባለው የሸራ ጀልባ ላይ ሊቀበል ወደብ ወረደ። ማዕበል ጀልባዋን ሲገፋት ቀኝ እጁ በእርሷና በወደቡ ድንጋይ መካከል ገባ። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹን ቆረጠ፤ የቀሩትም ታጥፈው ቀሩ።

እኔ በዚያው ዓመት ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ስታመም ደመወዜ አብሮኝ አልታመመም። የሀሩን ሱቅ ግን ያለ ሀሩን እጅ ምንም አይደለም። የሰፈሩ እድር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ያለበት፣ ሰው ሲሞት ያለቅሳል፣ ይቀብራል፣ ለቤተሰቡም ይሰጣል። በሕይወት ያለን ሰው ግን ደንቡ አያውቀውም። አንድ ቀን ለሀሩን ባለቤት ለሳፊያ ትንሽ ነገር በእጇ ላስይዛት ብሞክር፣ «ሀሩን ሰደቃ ሲሰጥ እንጂ ሲቀበል አላውቅም፤ ይህን ከሰማ ይሞትብኛል» ብላ መለሰችልኝ።

ስለዚህ ሳፊያና ጀላሉ መከሩ፤ በቀትር ሰው ሁሉ ሲተኛ ጀላሉ ይሰፋል፣ ገንዘቡን ሳፊያ ትቀበላለች። ለሀሩን የተነገረው የምትሰፋው ሳፊያ እንደሆነች ነው። እርሱም አመነ። ማታ ማታ አልጋው ላይ ተቀምጦ አንገትጌ እንዴት እንደሚዞር፣ ኪስ እንዴት እንደሚገባ በግራ እጁ እያሳየ ያስተምራታል። እርሷም «እሺ» ትላለች። ቁልፍ እንኳ ተክላ የማታውቅ ሴት ናት። ጎረቤት ለጥየቃ ሲገባ ሀሩን፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እጄ ቢሄድ በሚስቴ እጅ ተተካልኝ» ይል ነበር። እኔም ይህን እየሰማሁ ስንቴ አንገቴን ደፋሁ።

ለመስቀል እንዲሰፋልኝ ከጉዳቱ በፊት ለሀሩን የሰጠሁት ነጭ ኮት ነበረኝ። ደረሰልኝና በበዓሉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለብሼው ልጠይቀው ሄድኩ። ሥራው ሲለበስ ቢያይ ደስ ይለዋል ብዬ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም።

ሀሩን ሲያየኝ ፊቱ በራ። ዞር በል፣ ጠጋ በል አለኝ። ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረ፤ ቀስ ብሎ በስፌቱ ላይ ወደ ደረቴ ወረደና ቁልፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። የቁልፉን ሥር በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ጀላሉ ቁልፍ ሲተክል ክሩን ከሥሩ ደጋግሞ የመጠምጠም ልማድ አለው፤ ሀሩን በዚህም ሲያሾፍበት ኖሯል።

«ይህ የጀላሉ እጅ ነው» አለ።

ሳፊያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም መካድ አልቻልኩም፤ በዚያ ቀትር ያየሁትን ነገርኩት።

ሀሩን ኮቴን እንደገና ያዘና፣ «ደረቱን አጥብቦታል። እንደኔ ሊሰፋ ብሎ» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ እንባው ቀደመው። ሳፊያም መጥታ ከእግሩ ሥር ተቀመጠች። አልተቆጣትም። «ያ ሁሉ ማታ የተማርሽው ለካ ለእኔ ብለሽ ነው» ብቻ አላት፤ የተጎዳውን እጁንም ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈው። ያን እጅ ከፋሻ ውጭ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ሆኖ ነበር።

ልሄድ ስነሣ ኮቴን ይዞ አስቀረኝ።

«ክንፈ ወንድሜ፣ ጀላሉ ዐይኑ ሊጠፋ ነው። በዚህ ሐሩር ሳይተኛ የሁለት ሰው ሥራ የሚሠራ እስከ መቼ ይቆያል? ተው ብለው አይተወኝም፤ አውቀዋለሁ። ነገ እርሱም ቢወድቅ ማን ይሰፋለታል?»

ኮቴን ሳይለቅ ቀጠለ።

«እሑድ እድሩ ይሰበሰባል። እኔ ቆሜ ለራሴ መለመን አልችልም፤ አንደበቴ እሺ አይለኝም። አንተ ንገርልኝ። ሀሩን አልሞተም፣ እጁ ግን ሞቷል በላቸው። ሰው ሲሞት የምታደርጉትን እጁ ለሞተበትም አድርጉ በላቸው። ለእኔ ብቻ አይሁን፤ ደንብ ይሁን። ደንብ ከሆነ ሰደቃ አይደለም፤ እቀበላለሁ። ትነግርልኛለህ?»